የአያ ዋኘው ነጭ ምስክር

አያ ዋኘው እንጉዳዩን ያመጣው በቦርሳ ነው። ከጣሊያን የተረፈ፣ ማንገቻው ተበጥሶ በገመድ የተቀጠለ የቆዳ ቦርሳ አለው፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከክርክር ወረቀት በቀር ምንም ገብቶበት አያውቅም። የዚያን ዕለት ግን ጎንደር አራዳ ካለችው የልብስ ስፌት ሱቄ ገባና ለአንድ ቄስ ቀሚስ ልቆርጠው ባነጠፍኩት ነጭ አቡጀዲ ላይ ገለበጠው። ጭቃ፣ ሣርና ሰባት እንጉዳይ ወደቀ።

«ይኸ ምንድን ነው?» አለኝ።

«አቡጀዲ ነበር» አልኩት።

«በላዩ ያለውን ነው የምጠይቅህ፣ ወልዴ።»

«እንጉዳይ።»

«ምን ዓይነት እንጉዳይ?»

«እኔ የማውቀው ሁለት ዓይነት ነው፤ የሚበላና የሚገድል። የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚለየው ደግሞ ከቀብር በኋላ ነው።»

አልሳቀም። አያ ዋኘው ከክሱ ጋር የተያያዘ ነገር ሲሆን አይስቅም፤ ከክሱ ጋር ያልተያያዘ ነገር ደግሞ የለውም።

ስለ ራሴ ብዙ የምለው የለኝም። ዳዊት ደግሜያለሁ፤ ጣሊያን ከወጣ በኋላም ከልጆች ጋር ተጋፍቼ እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬያለሁ። ሰው የሚያውቀኝ ከምሰፋው ልብስ ይልቅ በምጽፈው ማመልከቻ ነው። ከአያ ዋኘው ጋር የሚያገናኘን አንድ የድንጋይ አጥርና ያ ማለቂያ የሌለው ክሱ ነው፤ አጥሩን ያጠረው እሱ ነው፣ ክሱን የጻፍኩት እኔ።

ክሱ እንዲህ ነው። ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብሎ፣ ከመኪናው መንገድ ግማሽ ሰዓት የሚያስኬድ ሰፊ መስክ አለ። አያ ዋኘው «አያቴ ቤት ሠርቶ፣ ከብት አርብቶ የኖረበት ርስታችን ነው» ይላል። የአጎቱ ልጅ ኃይለ ጊዮርጊስ ደግሞ ከነመንደሩ ተነሥቶ «መስኩ ከጥንት የሁላችን ግጦሽ ነው፤ ውሃ በሚተኛበት ላይ ማን ጎጆ ይቀልሳል?» ይላል። ዳኛው የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፦ የኖረ ሰው አሻራ። የመሠረት ድንጋይ ቢሆን፣ የምድጃ አመድ ቢሆን፣ የወፍጮ ስባሪ ቢሆን። አያ ዋኘው አሥራ አንድ ዓመት መስኩን በዱላው ሲወጋ ከረመ፤ ያገኘው የፈረስ ኮቴ ብረት ብቻ ነው። ዘንድሮ አንድ ምልክት ካላመጣ መዝገቡ እንደሚዘጋ ተነግሮታል። ያን ጊዜ እሱ በአምባ ጊዮርጊስ ገበያ አሥራ አንድ ዓመት የዋሸ ሰው ሆኖ ይቀራል። መስኩን ከማጣት ይልቅ ያስጨነቀው ይኸ ነው።

አሁን ምልክቱ ተገኘ። ሐምሌ ሃያ ገደማ ከመስኩ መሃል፣ ሰው በእጁ የተከለው ይመስል፣ እንጉዳይ ክብ ሠርቶ ወጥቶ አገኘ። ከሥሩ ያለው ሣርም ከሌላው ሣር ተለይቶ ጥቁር እስኪመስል ለምልሟል።

«በረት ነው» አለኝና በጭቃ ጣቱ አቡጀዲው ላይ ክብ ሠራ። «የአያቴ በረት። እንጉዳዩ እበቱ ከአጥሩ ሥር የተጠራቀመበትን ይዞ ዙሪያውን ቆሟል። መሃሉ ባዶ ነው። በሩ የነበረበትም በምሥራቅ በኩል ሦስት ክንድ ክፍት ነው። ሰው ይዋሻል፣ ወልዴ። እንጉዳይ ምን ጥቅም አገኛለሁ ብሎ ይዋሻል?»

እውነቱን ልናገር፣ እኔም አመንኩ። እንጉዳይ እበት እንደሚወድ፣ የተተወ በረትም ሣሩ ከሌላው ቀድሞ እንደሚያምር የማያውቅ የወገራ ሰው የለም። አቡጀዲውን አጥፌ ማመልከቻውን ጻፍኩ። ጥሩ አድርጌ ጻፍኩት፤ «ምድሪቱ ራሷ አፍ አውጥታ መሰከረች» የሚል አለበት። በሳምንቱ ተመለሰልን። ከዳር ላይ በቀይ ቀለም እንዲህ ይላል፦ «የእንጉዳዩ ዓይነት በስም ይገለጽ። የበረት ነው የሜዳ?»

አያ ዋኘው የዚያን ዕለት ምሳ አልበላም። መቼም ጾመ ፍልሰታ ገብቶ ነበር፤ ግን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላም አልበላም ብላ ሚስቱ አየለች ነገረችኝ።

መጀመሪያ የሄድነው ወደ መሪጌታ ሐብተ ማርያም ነው። መሪጌታ ቅጠልና ሥር ያውቃሉ ይባላል፤ ለቁርጥማትም ለዓይነ ጥላም ሰው ይመላለስባቸዋል። እንጉዳዩን ተቀብለው አገላበጡ፣ አሸተቱ፣ ከብራና መጽሐፋቸው ጋር አኑረው «ነገ ኑ» አሉን። ነጋ፣ ሄድን።

«ዋኘው» አሉ፣ «ትናንት ስትሰጠኝ ነጭ ነበር።»

«አዎን፣ አባቴ።»

«ማታ ከሥሩ ሮዝ ሆነ። ዛሬ ጠዋት ቡናማ ነው። እስከ ሠርክ ከቆየ ጥቁር ይሆናል። የትኛውን መልኩን ይዤ ስም ልስጠው?»

«ነጩን ነው እንጂ።»

«ነጩማ አሁን የለም። በሌለ ነገር ላይ እንዴት እፈርዳለሁ?»

አያ ዋኘው በማግሥቱ በመኪና አምባ ጊዮርጊስ ደርሶ ሌላ ይዞ መጣ። እስኪመጣ እሱም ጠቁሮ ደረሰ። በሦስተኛው በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ አመጣው፤ ላብ አላበውና ሙክክ አለ። መሪጌታም ራርተውለት «ልጄ፣ ይኸ እንጉዳይ ቀጠሮ አያከብርም» አሉት።

ቀጥሎ ፒያሳ ወዳለ አንድ ወጥ ቤት ወሰድኩት፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ሰውዬው በጣሊያን ጊዜ ለመኮንኖች ያበስል ነበር፤ እንጉዳይ በየዓይነቱ አውቃለሁ ይላል። ከቦርሳው ገና ብቅ ሲል «ፉንጊ!» አለ፤ በጣሊያንኛ ያው እንጉዳይ ማለት ነው።

«ምን ዓይነት ፉንጊ?» አለ አያ ዋኘው፣ እኔን እያየ። ጻፍ ማለቱ ነው።

«ቆይ፣ በአፍ ነው የሚለይ» ብሎ ዘይት አጋለ፣ ነጭ ሽንኩርት ጨመረ፣ የያዝናቸውን አምስቱንም ከትፎ ጠበሰና እየቆመ በላ። እኛ ቆመን አየን። አፉን ጠርጎ «ሸጋ ፉንጊ ነው» አለ።

ሁለት ቀን ጠበቅን፤ ሰውዬው አልሞተም። ቢሞት ቢያንስ አንድ ነገር ይታወቅ ነበር። አያ ዋኘው በዚህም አዘነ።

በመጨረሻ ከመስኩ በታች ከወንዙ ማዶ የሚኖሩትን የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎች ጠይቅ ያለው ሰው ተገኘ። ጭቃ የሚቆፍሩት ከመስኩ ነው፤ ክረምት በገባ ቁጥርም እንጉዳዩን የሚለቅሙት እነሱ ናቸው። ሄዶ ወይዘሮ ባፈና የምትባል አሮጊት አገኘ።

«ይህን እንጉዳይ ታውቂዋለሽ?» አላት።

«አውቀዋለሁ።»

«ዳኛ ፊት ቀርበሽ እውነቱን ትናገሪያለሽ?»

«ሌላ ምን እናገራለሁ?»

ደስ ብሎት ተመለሰ። እውነቱ ምን እንደሆነ ግን አልጠየቃትም። አሥራ አንድ ዓመት የተሟገተ ሰው ምስክር ከመቁጠሩ በፊት ምስክሩ ምን እንደሚል መጠየቅ አለመልመዱ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ዳኛው ቦታውን ሊያይና ምስክሯን ሊሰማ ነሐሴ አሥራ ሁለት ቀን በበቅሎ መጣ፤ ጸሐፊው ከኋላው ጃንጥላ ይዞ በእግሩ። መስኩ ላይ ጉም ተኝቷል። እንጉዳዩ ዳግም ወጥቶ ዙሪያውን ቁጭ ብሏል፣ ነጭ፣ እንደ ሽማግሌ ጉባኤ። ኃይለ ጊዮርጊስ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ቆሟል።

ወይዘሮ ባፈና እንደ ሃይማኖቷ በኦሪት ልትምል ስትል ኃይለ ጊዮርጊስ ጋቢውን ከአፉ አወረደ። «ጌታዬ፣ ስለ ባላገር ርስት ሸክላ ሠሪ ትመሰክራለች?»

«ስለ ርስቱ አልጠየቅኋትም፤ ስለ እንጉዳዩ ነው» አለ ዳኛው። «አንተ ታውቀዋለህ?»

ኃይለ ጊዮርጊስ ጋቢውን ወደ አፉ መለሰ።

«ስሙ ማን ነው?» ብሎ ዳኛው ወደ እሷ ዞረ።

«ስም አላወጣንለትም፣ ጌታዬ። ሲወጣ እንበላዋለን፤ ስም እስኪወጣለት አይቆይም።»

ጸሐፊው ብዕሩን አንሥቶ ትንሽ አሰበና «ስሙ ያልታወቀ» ብሎ ጻፈ።

«የበረት ነው የሜዳ?»

«የሜዳ ነው። የበረቱ ተደራርቦ፣ ተጋፍቶ ነው የሚወጣ፣ እንደ ገበያ ሰው። ይህ ግን ዙሪያውን ይዞ ይሄዳል።»

«ይሄዳል ስትይ?»

«ይሰፋል። እኔ በተዳርኩ ክረምት የጋን አፍ ያህል ነበር። የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ የጎተራ ወገብ አከለ። አሁን ይኸው አውድማ አክሏል። መሃሉን ይተውና ወደ ዳር ይወጣል፤ እኔ ጋን ስሠራ ከሥሩ ጀምሬ እያሰፋሁ እንደማወጣው።»

አያ ዋኘው ፊቱ እንደዚያ እንጉዳይ ከነጭ ወደ ቡናማ ሲሄድ አየሁት። «በሩስ?» አለ። «በሩን ምን ልትይው ነው፣ ወይዘሮ ባፈና? በምሥራቅ በኩል ሦስት ክንድ ክፍት ነው።»

«እሱ እኔ ነኝ፣ አያ ዋኘው። አምና ጭቃ ቆፍሬ የወሰድኩበት ነው።»

ኃይለ ጊዮርጊስ ሳል መጣበት። «ጌታዬ» አለ ሲለቀው፣ «ሴትዮዋ እውነተኛ ናት። እናቷንም አውቃት ነበር።»

«በቃል ብቻ ነው?» አለ አያ ዋኘው። «ሲሰፋ ማን ለካው? ከጋን አፍ ተነሥቶ አውድማ ሲሆን ማን ገመድ ያዘ?»

ዳኛው እግሩ ርሷል፣ ርቦታል፤ ጾምም ነው። ስምንት የወይራ ችካል አስጠርቦ እንጉዳዩ በቆመበት መስመር ላይ ዙሪያውን አስመታ። «በጃንሆይ አምላክ» አለ፣ «ይህን ችካል ያንቀሳቀሰ ሰው ይቀጣል። ለመጪው ነሐሴ አሥራ ሁለት ተቀጥሯል። እንጉዳዩ ከችካሉ ላይ ከወጣ በረት ነው፤ ከችካሉ አልፎ ከወጣ ሜዳ ነው።»

ወይዘሮ ባፈና ሁሉም ሲሄድ ነጠላዋን ዘርግታ እንጉዳዩን መልቀም ጀመረች። ሥራው አልቋል፤ ምን ይደረግ።

ያ ዓመት እንዴት እንዳለፈ የሚያውቀው ከአያ ዋኘው ጋር አጥር የሚጋራ ሰው ነው። ጥቅምት ላይ «ወልዴ፣ ሣር እኮ ካደገበት ቦታ አይሄድም፤ እንጉዳይ ምነው ይሄዳል?» ይለኛል። ጥር ላይ ለቁልቢ ይሁን ለማን ተስሎ መጣ። ሚያዝያ ላይ መርፌ ይዤ እያለሁ ድንገት ገብቶ «የበረትም ቢሆን ትንሽ ይሰፋ ይሆናል አይደል? አንድ ጣት ያህል?» ሲለኝ ጣቴን ወጋሁ። አየለች በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «የሰው ባል ዘር ዘርቶ እህል ይጠብቃል፤ የኔ ባል ምንም ሳይዘራ እንጉዳይ ይጠብቃል» ትላለች። እሱ አይመልስላትም። ሰማዩን ያያል።

ነሐሴ ዐሥር ቀን፣ ከቀጠሮው ሁለት ቀን ቀድመን ሄድን። ማየት አለብኝ አለ። እኔም ቀሚስና ሱሪ ያሰፋ ሁሉ ሲጮህብኝ እያየሁ ሱቄን ዘግቼ ተከተልኩት። መስኩ ውሃ ጠጥቶ ሲረግጡት እንደ ስፖንጅ ይሰምጣል። ችካሎቹ ከሩቅ ታዩ፤ ስምንቱም እንደቆሙ ናቸው።

እንጉዳዩም ወጥቷል። ከችካሉ ውጭ ነው።

አያ ዋኘው ተንበረከከ። ከችካል እስከ እንጉዳይ በእጁ ለካ፦ አንድ ስንዝር ከአራት ጣት። ወደሚቀጥለው ሄደ፤ አንድ ስንዝር ከሦስት ጣት። ስምንቱንም ዞረ፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆነ። ባፈና የቆፈረችበት «በር» እንኳ እየጠበበ ነው፤ ከሁለቱ ጫፍ እየተጠጋጋ።

ከዚያ አንዱን ችካል በሁለት እጁ ይዞ ነቀለው።

በዝናብ የራሰ መሬት ነው፤ እንደ ሽንኩርት ነው የወጣ። ችካሉን ይዞ እንጉዳዩ ወደቆመበት አንድ እርምጃ ሄደ። ከኔ በቀር ማንም የለም፤ ጉሙ ወርዶ የራሳችንን እግር እንኳ በቅጡ አያሳየንም። ስምንት ችካል፣ አንድ ስንዝር ከምናምን ጣት፤ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ የሚያልቅ ሥራ ነው። የአያቱ በረት ይቆማል። አሥራ አንዱ ዓመት፣ አሁን አሥራ ሁለት ሆኗል፣ እውነት ይሆናል።

«ወልዴ» አለኝ ዘወር ሳይል፣ «ኃይለ ጊዮርጊስን በክሱ ላይ ምን ብለን ነው የጻፍነው?»

«በስንተኛው ማመልከቻ?»

«በሁሉም።»

«ድንበር ገፊ።»

ችካሉን ትንሽ ያዘው። ከዚያ ተመልሶ ቀዳዳውን ፈልጎ አገባው፤ ከድሮው ጠልቆ እንዲገባ በድንጋይ መታው። ሲያበቃ እንጉዳዩን በዱላው አመለከተና «ድንበር ገፊውስ ይኸ ነው» አለ። ሳቅኩ። ያን ዕለት እሱ አልሳቀም፤ ግን እንድስቅ ፈቀደልኝ።

«እነግረዋለሁ» አለ። «ዳኛው ሲመጣ ራሴ እነግረዋለሁ። ተሳስቻለሁ፣ አልዋሸሁም እላለሁ። ይፍረድብኝና እገላገላለሁ።»

ዳኛው አልመጣም። ነሐሴ አሥራ ሁለት አለፈ፤ እኛ ዘመድ ቤት እየተቀመጥን በየማለዳው መስኩ ላይ ነን። አሥራ ሦስትም አለፈ። እንጉዳዩ ቡናማ ሆነ፣ አዘቀዘቀ። በአሥራ አምስት ጠቁሮ ቀለጠ። በአሥራ ስድስት፣ ጾሙ ሊፈታ፣ መልእክተኛ መጣ፦ ዳኛው ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሯል።

መስከረም ጠብቶ አምባ ጊዮርጊስ አዲሱ ዳኛ ፊት ቀረብን። ወጣት ነው፤ መነጽር አለው፤ መዝገቡን እንደ ከባድ ምግብ ቀስ እያለ ነው የሚገልጠው። አያ ዋኘው ያየውን ሁሉ ነገረው፤ ስንዝሩንም ጣቱንም። ነቅሎ የመለሰውን ችካል እንኳ አልደበቀም።

«ስለዚህ ተረትቻለሁ፣ ጌታዬ። ፍረዱብኝ።»

ዳኛው መነጽሩን አወለቀ። «አንተ ከሳሽ አይደለህም?»

«ነኝ።»

«ከሳሽ ለተከሳሽ እንዴት ይመሰክራል? ውሳኔው ቦታው በዳኛ ታይቶ ይላል። አልታየም። ከደከመህ ክስህን አንሣ።»

«አላነሣም» አለ አያ ዋኘው። «ክሱን ያነሣ ሰው ‘ሲዋሽ ነበር’ ይባላል። የተፈረደበት ሰው ግን ‘ተሳሳተ’ ነው የሚባል። እኔ የምፈልገው እንዲፈረድብኝ ነው።»

ከጥግ የተቀመጠው ኃይለ ጊዮርጊስ ተነሣ። «ጌታዬ፣ ሰውዬው እውነቱን ነው። እኔም አይቻለሁ፤ ነሐሴ አሥራ አንድ ቀን ሄጄ አይቻለሁ።»

«ተከሳሽ ስለ ራሱ ሊመሰክር ነው?» አለ ዳኛው። ከጣሊያን መውጣት ወዲህ በአንድ ነገር ሲስማሙ የመጀመሪያቸው ነበር፤ መንግሥት አልተቀበላቸውም። ለመጪው ነሐሴ ተቀጠረ።

ወደ ጎንደር ስንመለስ አያ ዋኘው ቤቱ አልሄደም። አራዳ እንደወረድን ቀጥ ብሎ ሱቄ ገባና ከፊቴ ተቀመጠ። «ጻፍ» አለኝ። ጻፍኩ። «ከአያቴ በረት የተገኘ ነው ብዬ ያመለከትኩት እንጉዳይ በነሐሴ ዐሥር ቀን ከችካሉ አንድ ስንዝር ከአራት ጣት አልፎ ተገኝቷል። ስለዚህ በረት አይደለም። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ይወሰንብኝ።»

«ከሥሩ ማን ልበል?» አልኩት። «ከሳሽ ዋኘው ነው ምስክር ዋኘው?»

አሰበ። «ሁለቱንም በል።»

ማመልከቻው ትናንት ተመልሶ መጣ። ከዳር ላይ፣ በቀይ ቀለም፣ በሌላ እጅ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «የእንጉዳዩ ዓይነት በስም ይገለጽ።»

ለአያ ዋኘው ገና አላሳየሁትም። አቡጀዲው ሥር አድርጌዋለሁ። አሁን ዱላው የመንገዱ ድንጋይ ላይ ሲንቋቋ ይሰማኛል፤ ወደ ሱቄ እየመጣ ነው።